መጋረጃ ሲኖር ተመልካች ይመጣል

መገናኛ በቲያትር ቤቱ የሚታወቅ ሰፈር አይደለም። ቲያትር ያማረው የኮተቤ ወይም የገርጂ ሰው ልብሱን ለዋውጦ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ብሔራዊ ወይም ሀገር ፍቅር ድረስ መውረድ አለበት። ትርኢት ብቻ ያማረው ግን ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መገናኛ ላይ መቆም ይበቃዋል። በአንድ በኩል ሰባኪው የድምፅ ማጉያውን ይዞ የዓለምን መጨረሻ ያውጃል። ከአጠገቡ ካልሲ ሻጩ የካልሲውን የመጨረሻ ዋጋ ያውጃል። ሁለቱም ነገ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ ያንኑ መጨረሻ ይዘው ይመጣሉ። ተራ አስከባሪውና ረዳቱ በአሥር ብር ይነታረካሉ። ሚዛን ዘርግቶ የተቀመጠው ልጅ ክብደታችንን ሊነግረን ይጠራናል፤ እኛ ግን ታክሲው በር ላይ ስንገፋፋ ማን ምን ያህል እንደሚመዝን ስለተዋወቅን ዝም ብለነው እናልፋለን።

ከዚህ ሁሉ መድረክ እኔ የምወደው ሚኒባሱን ነው። 12 ሰው እንዲጭን የተፈቀደለት ይህ አዳራሽ «ጠጋ ጠጋ በሉ» በሚባለው ጥበብ ሌላ ሦስት አራት ሰው ያስተናግዳል። ተመልካቹም ተዋናዩም ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ይቀመጣሉ። ማን ተዋናይ እንደሆነ የሚለየው አንዱ ስልኩን አንስቶ ከባለ ዕዳው ጋር መጨቃጨቅ ሲጀምር ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ አመሻሽ ላይ የኮተቤ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ላምበረት ሳንደርስ መንገዱ ተዘጋና ቆምን። ከሾፌሩ ጀርባ ባለው ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል፣ አራት ወር ቢሆነው የሆነው ሕፃን የታቀፈች ወጣት እናት ተቀምጣለች። ልጁ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ፊቱን አጨማደደ፤ ከዚያ ለቀቀው። አራት ወር ያልሞላው ሳንባ እንዴት ያንን ሁሉ ድምፅ እንደሚይዝ እግዜር ይወቅ፤ የውጪው ጥሩምባ እንኳ ተሸነፈ።

«ርቦት ነው እኮ፤ አጥቢው እንጂ የኔ ልጅ!» አሉ ከኋላ ነጠላ የለበሱ እናት።

እናትየዋ ቦርሳዋን አጠገቧ ላለው ወጣት አቀበለችው። «ያዝልኝ» እንኳ አላለችም፤ እሱም ከተወለደ ጀምሮ ለዚህ ሥራ የታጨ ይመስል ተቀበለ። ሹራቧን ከፍ አድርጋ ልጁን አስጠጋችው። ለቅሶው እዚያው ቀጥ አለ።

አሁን ተመልካቹን እዩልኝ። ቦርሳ የተረከበው ወጣት ዓይኑን ወስዶ ጣሪያው ሥር የተለጠፈው የታክሲ ጥቅስ ላይ ተከለው። አንድ መስመር ጥቅስ ናት፤ እሱ ግን እንደ ፈተና ወረቀት ደጋግሞ አነበባት። ረዳቱ «ሒሳብ፣ ሒሳብ!» እያለ መጣና እሷ ጋ ሲደርስ የዘረጋውን እጅ ሰብሰብ አድርጎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ለሁለት ብር መልስ ከአንድ ሽማግሌ ጋር እስከ ሾላ ሲሟገት የመጣ ልጅ ነው፤ ይህን ማን አስተማረው? ሾፌሩ ደግሞ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረገ። አርሰናል እየተጫወተ ነበር። ይህን መሥዋዕትነት የማይረዳ ሰው አዲስ አበባን አያውቃትም።

ከዚያ ውይይቱ ተከፈተ።

«ጡትሽ ይበቃዋል?» አሉ ባለ ነጠላዋ።

«ደህና ነው እማማ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አብሽ ጠጪ።»

«አብሽ እኮ የልጁን ሆድ ይነፋል» ያለው ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ነው።

«አጥብተህ ታውቃለህ?»

ታክሲው በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሰውየው ግን የሚበገር አልነበረም። «ባለቤቴን የጠቀማት አጥሚት ነው» አለ። ሌላዋ ተልባ አለች። አንዱ «ዋናው እንቅልፍ ነው» አለና የሁላችንንም ትዝብት አተረፈ፤ የአራት ወር ሕፃን ላላት ሴት «ተኚ» ብሎ መምከር ለሎተሪ ሻጭ «ለምን አንተ አይወጣልህም?» እንደማለት ነው። በመጨረሻ አብሽ በጠባብ ልዩነት ያሸነፈ ይመስለኛል። እናትየዋን ግን ማንም ድምፅ አላሰጣትም።

ልብ በሉ፤ በዚያ ታክሲ ውስጥ ስለ ጡቷ፣ ስለ ወተቷ፣ ስለ ልጇ ሆድ ሁሉም ሰው ሐሳብ ሰጥቷል፤ ያያት ግን አንድም ሰው የለም። የእኛ የታዳሚ ሥርዓት ይኸው ነው። አፍ ነፃ ነው፤ ዓይን ግን ግዴታ አለበት። ጨዋነቱን የሚጠየቀው የሚያየው ሰው እንጂ የምታጠባዋ ሴት አይደለችም።

«ታዲያ የድሮ እናቶች ነጠላቸውን ጣል የሚያደርጉት ለምንድን ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አንዲት አያት ጠይቁ። ዓይን እንዳይበላው ትላችኋለች፤ ምች እንዳይመታው፣ ብርድ እንዳይገባው፣ የመንገዱ አቧራ እንዳያፍነው። የሚሸፈነው ልጁ ነው። ጡት ምን ያፈረበት ነገር አለ? እናት በልጇ ክፉኛ ስታዝን «ያጠባሁህ ጡቴ ይፋረድህ» ትላለች እንጂ ያበላሁህ ድስቴ አትልም። በድሮው ሥርዓት ልጅ ያልሆነ ሰው ልጅ ለመሆን ሲፈልግ የጡት ልጅ ይሆን ነበር፤ ጎልማሶች ሳይቀሩ ጡት ተጣብተው አባትና ልጅ ተባብለዋል፤ ወንድ እንኳ የጡት አባት ይሆናል። በቤተ ክርስቲያንም መልክአ ማርያምን የሚደግም ሰው ከራስ ፀጉሯ ጀምሮ እስከ እግሯ እያንዳንዱን የአካል ክፍሏን ሰላም ሲል፣ ጡቶቿ ጋ ሲደርስ ዘሎ አያልፍም። ድጋሙ ረጅም ነው፤ ማሳጠር የፈለገ ሰው ሰበብ ባላጣ ነበር።

ቦሌ መድኃኔዓለምን ታውቁታላችሁ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴው ውስጥ በሴቶቹ በኩል የሕፃን ለቅሶ የማይሰማበት ጊዜ የለም። ሕፃናቱ እርስ በርስ እየተቀባበሉ ያለቅሳሉ። እናቶች እሹሩሩ ይላሉ፣ ያወዛውዛሉ፣ ያጠባሉ። ካህኑ ዜማውን አቋርጦ «ያንን ልጅ አውጡልኝ» ሲል የሰማ አለ? ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት መንገዱን ስትሻገሩ ደግሞ ኤድና ሞል አለ፤ ማቲ ሲኒማም እዚያው ነው። እዚያ መብራቱ ይጠፋል፤ ዝም በሉ ይባላል፤ ለቅሶ የሚፈቀደው ፊልሙ ውስጥ ላለችው ተዋናይ ብቻ ነው። አንዲቱ ሴት ከነልጇ ጠዋት ወዲያ፣ ከሰዓት ወዲህ ብትገባ፣ አስፋልቱን ስትሻገር ጠባይዋ እንዲለወጥ ይጠበቅባታል። ልጁ ግን ያው ልጅ ነው፤ አስፋልት መሻገሩን ማን ይነግረዋል?

ይህን የአዳራሽ ዝምታ የተማርነው በቅርብ ነው። የእኛ የቆየው መድረክ አዝማሪ ነው፤ አዝማሪ ዝም ያለ ተመልካች ካገኘ የሚመስለው ቤቱ ኀዘን እንዳለበት ነው። ካዛንቺስ በነበረችው አዝማሪ ቤት፣ ፈንድቃ፣ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚያቀብለው ታዳሚው ነው፤ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍነዋል፤ ታዳሚው ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። አሁን ይተቻል፣ አሁን ይሸልማል፣ አሁን ተነሥቶ እስክስታ ይወርዳል። በዚህ መሐል ሕፃን ቢያለቅስ አዝማሪው የልጁን ስምና የአባቱን ስም ጠይቆ፣ ለቅሶውን ከማሲንቆው ጋር አስማምቶ፣ አባትየውን አወድሶ ሽልማቱን ተቀብሎ ነበር የሚያልፈው። አባትየው ኪሱ ባዶ ከሆነ ደግሞ ከልጁ ብሶ ያለቅሳል።

ሀገር ፍቅርም ሲጀመር ዝምታ ፈልጎ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. መኮንን ሀብተወልድ ማኅበሩን ሲያቋቁሙ ጣሊያን በር ላይ ነበር፤ የሚፈለገው ሕዝቡ በዘፈኑና በንግግሩ ተነሥቶ እንዲጮኽ ነው። በዚያ ጊዜ ጭጭ ያለ ተመልካች በባንዳነት ይጠረጠር ነበር ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ደስ አይልም ነበር።

ዝምታው ከረባት አስሮ የመጣው ከብሔራዊ ጋር ይመስለኛል። ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃ ተጠናቅቆ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተብሎ ተከፈተ። የመጀመሪያው ቲያትር የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። እስቲ አስቡት፤ መድረኩ ላይ የቀረበው የራስ ቢትወደዱ ድርሰት ነው፤ ሰገነቱ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ አሉ። በዚህ መሐል ማን ይተነፍሳል? እንኳን ሕፃን ጉንፋን የያዘውም ሰው ጉንፋኑን ቤቱ ትቶት ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ንጉሡም ራሶቹም ሄዱ፤ የቲያትር ቤቱ ስምም ተለወጠ፤ የማያስለው ተመልካች ግን በሥራ ገበታው ላይ ቀረ።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ዝምታን ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት እንዳይመስላችሁ። በሼክስፒር ዘመን ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ተዋናዩን ይሳደባል። የአዳራሹን መብራት አጨልሞ ተመልካቹን ጨለማ ውስጥ በማስቀመጥ ስሙ የሚነሣው ቫግነር ነው፤ በ1876 እ.ኤ.አ. ባይሮይት ላይ ለኦፔራው በሠራው ቲያትር ቤት። ከዚያ በፊት ኦፔራ የሚገባው ባለጸጋ መድረኩን ከማየት ይልቅ ማን ከማን ጋር እንደመጣ ማየት ነበር ሥራው። ይሄኛው ጠባይ እንኳ ባሕር ተሻግሮ እኛም ጋ ደርሷል።

አንድ ቅዳሜ ስሙን ከማልጠቅሰው አዳራሽ ቲያትር ልናይ ገባን። ከፊታችን ባለው መደዳ ጥግ ላይ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ታሪኩ ሲጦዝ ሕፃኑ አንድ ጊዜ «እኝ» ሲል ወዲያው ጡት ሰጠችው። ዝም። ሁለት ወንበር ከእሷ የራቁ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰውዬ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ። ከሕፃኑ «እኝ» የሳቸው «እህህ» ይበልጥ ነበር። በመጨረሻ አስተናጋጁን በእጃቸው ጠሩት። አስተናጋጁ ባትሪውን ይዞ መጣና እናትየዋ ላይ ቦግ አደረገው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማጥባቷን የምናውቀው ሰውዬውና እኛ ብቻ ነበርን። አሁን ሙሉ አዳራሹ አወቀ። ከኋላ ያሉት ተንጠራሩ። ሰገነት ላይ ያሉት ጎንበስ አሉ። መድረኩ ላይ ባልየው ሚስቱን ሊገድል ጩቤ መዝዟል፤ የሚያየው ግን የለም።

እናትየዋ ምንም ሳትናገር ነጠላዋን ሰብስባ ተነሥታ ወጣች። ሰውዬው ድል እንዳደረገ ሰው ወንበራቸውን ደገፍ አሉ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ዋሽንት ተነፋ። ስልካቸው ነው። አውጥተው ዘጉት? የለም፤ አነሡት።

«ሄሎ... ቲያትር ቤት ነኝ... ቲ-ያ-ት-ር! ... አዎ፣ ጥሩ ነው... አይ፣ ገና ነው፤ አልገደላትም!»

ተዋናዩ ጩቤውን አንስቶ እንደያዘ ጠበቃቸው። ምን ያድርግ? ሚስት ሆና የምትተውነው ልጅም አንገቷን እንደሰጠች ጠበቀች። ሰውዬው ሲጨርሱ ስልካቸውን በጥንቃቄ መለሱና «እሺ ቀጥሉ» በሚል ፊት ወደ መድረኩ ዞሩ። ባትሪው ወዴት እንደሄደ አላውቅም፤ እሳቸው ጋ ግን አልመጣም።

የዚህ ዓይነቱ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ከተማ፣ አቴኔየም ቲያትር ውስጥ አርጅ ባርከር የተባለ አሜሪካዊ ኮሜዲያን ቀልዱን አቋርጦ የ7 ወር ሕፃን ይዛ የገባችን እናት እንድትወጣ ጠየቃት። ዝግጅቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ለሆነ የሚል ማሳሰቢያ ነበረው። እናትየዋ ልጄ አልረበሸችም፣ እያጠባኋት ነበር አለች። እሱ ያስቸገረኝ ድምፁ ነው እንጂ ማጥባቷ አይደለም፤ የመድረኩ መብራት ዓይኔ ላይ ስለሆነ ማጥባቷንም አላየሁ አለ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ጋዜጣው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ፌስቡኩ ሁሉ የዚያች ልጅ ድምፅ ለቅሶ ነበር ወይስ ጨዋታ ብቻ በሚል ሲከራከር ሰነበተ። ከሁሉ የሚገርመኝ፣ በዚያው አገር ሴናተር ላሪሳ ዋተርስ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ምክር ቤት ቁጭ ብላ ልጇን አጥብታለች፤ በአውስትራሊያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሆና። ፓርላማ ከኮሜዲ የሚሻለው በምን እንደሆነ የሚያውቅ ይንገረኝ። ምናልባት ፓርላማ ውስጥ ከሕፃን የባሰ የሚጮኽ ስለማይጠፋ ይሆናል።

እኔ ለኮሜዲያኑም ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። ቀልድ ማለት የቅጽበት ሥራ ነው፤ ሳቁ ሊፈነዳ ሲል «እኝ» የምትል ድምፅ ጣልቃ ከገባች ግማሽ ሰዓት የተለፋበት ነገር ይከስማል። አዝማሪ ቢሆን ከድምፁ ጋር ይጫወት ነበር፤ እሱ ግን አዝማሪ አይደለም። የሚያለቅስ ልጅ ይዞ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ማለት ደግሞ ነውር የለበትም፤ የእኛም እናቶች ከልቅሶ ቤትም ከስብሰባም ሲያደርጉት የኖሩት ነው። የማይገባኝ ሌላ ነገር ነው። ልጅ ሲያለቅስ ረበሸ ይባላል፤ ጡት ሰጥታ ዝም ስታሰኘው ደግሞ አሳፈረች ይባላል። እሳት ሲነሣም እሳት ሲጠፋም የእሳት አደጋ ሠራተኛውን የሚወቅስ ሰው የትም አይገኝም፤ ቲያትር ቤት ግን ሙሉ ልብስ ለብሶ ተቀምጧል።

ወደ ቦሌ ካፌዎች እንሂድ። እዚያ አሁን ከውጭ የመጣ የማጥቢያ ሽፋን አለ፤ አንገት ላይ ይጠለቅና ልጁንም እናቱንም እንደ ድንኳን ይውጣቸዋል። አንዲት ዘመናዊ እናት ማኪያቶዋን አዝዛ ይህን ድንኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ስትዘረጋ አይቻለሁ። አበባ የተሳለበት ነው። ዘርግታ ሳትጨርስ ካፌው ዞረ። ላፕቶፑ ላይ የነበረው ቀና አለ። አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ቆመች። ድንኳኑ ውስጥ ሕፃኑ ይታገላል፤ አንድ ጊዜ እግር ብቅ ይላል፣ አንድ ጊዜ እጅ። እናትየዋ በአንገቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እያየች «ቆይ፣ ቆይ» ትላለች። ተመልካቹ ቀጥሎ ምን እንደሚወጣ እየጠበቀ ነው። ልጁ ሙቀቱ ሲበዛበት አበባውን ሁሉ በአንድ እጁ ጎትቶ መሬት ላይ ጣለውና ፀጉሩ በላብ ረጥቦ ካፌውን በግርምት አየ። የሚያጨበጭብ ብቻ ነበር የቀረው።

መጋረጃ ባለበት ቦታ ተመልካች ይሰበሰባል። የብሔራዊ ቲያትርም ጥበብ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ መጋረጃው ተዘግቶ ሳለ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው መጋረጃው ላይ ነው። የኮተቤው ታክሲ መጋረጃ አልነበረውም፤ ስለዚህም ትርኢት አልነበረም። አንድ ልጅ እራቱን በላ፤ በቃ። ሽፋን የምትፈልግ እናት ትሸፈን፤ ክርክሬ ከእሷ ጋር አይደለም። ክርክሬ ሽፋን የሌላትን እናት ሽፋን ወደሌላት ሴት ከሚለውጠው ባትሪ ጋር ነው።

ደግሞስ ሕፃኑ ታክሲ ውስጥም ቲያትር ቤትም የሚገኘው ለምን ሆነና ነው? ሐኪሙ ለወላድ «6 ወር ሙሉ ከጡት በስተቀር ውኃም እንዳይቀምስ» ይላታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። ከ6 ወር 3 ወር ሲቀነስ የሚቀረውን እናትየዋ በታክሲ፣ በባቡር፣ በሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤትና በጎረቤት ትብብር ትሞላዋለች። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 97ቱ ጡት ጠብተዋል፤ ከ6 ወር በታች ካሉት ውስጥ ጡት ብቻ የሚጠቡት ግን 58 በመቶ ያህሉ ናቸው። ያም ቢሆን ከብዙ አገር የተሻልን ነን። በዚያው ዓመት ጥቅምት ከአያት ጦር ኃይሎች የሚወስደው ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር መገናኛ ጣቢያ ላይ የተሰለፉትን ላየ ሰው፣ ያ ሁሉ ልጅ በዚያ ሁሉ ግፊያ መሐል ጡት ማግኘቱ ራሱ ተአምር ነው።

ለመንግሥት ሠራተኛዋ ነገሩ ተሻሽሏል፤ በወረቀት። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ያቋቋሙ አሉ፤ ግድግዳው ላይ ዳክዬና ፊኛ ተስሎ፣ አልጋው ተደርድሮ፣ ሞግዚት ተቀጥሮ ያየሁበት ቦታ አለ፤ ደስ ይላል። ዳክዬው ተስሎ አልጋው ያልመጣበትም አለ። አንድ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ደግሞ ዳክዬዎቹ ሥር አሮጌ ፕሪንተርና የተሰበረ ወንበር ተቆልሎ አይቻለሁ፤ በሩ ላይ «የሕፃናት ማቆያ» የሚለው ጽሑፍ ግን እንዳማረበት ነው።

ይህን ሁሉ አሰላስዬ ለአንድ የቲያትር ባለሙያ ወዳጄ ሐሳብ አቀረብኩለት። ካልዲስ ጋ ማኪያቶ እየጠጣን ነው።

«አዳራሹ ኋላ ላይ አንዲት ክፍል ትሠሩና መስታወት ታደርጉባታላችሁ፤ ድምፁ በስፒከር ይገባል። ሕፃን የያዘች እናት እዚያ ቁጭ ብላ ቲያትሯን ታያለች፤ ልጇ ቢያለቅስ የሚሰማው የለም፤ ብታጠባም የሚያበራባት የለም።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ።

«ቆይ አልጨረስኩም። ሁለተኛ ክፍል ደግሞ አለች። እዚያ የሚገቡት ስልክ የማይዘጉ ሰዎች ናቸው። መስታወቷ ወፍራም ትሁን። እንደልባቸው ያውሩ፤ ገደላት፣ አልገደላትም እየተባባሉ ይደዋወሉ።»

ሳቀ። ከዚያ እንደ ባለሙያ ማሰብ ጀመረ። ቦታው ከየት ይመጣል፣ በጀቱ በየትኛው ርዕስ ይያዛል፣ ግዥው በጨረታ ነው ወይስ በፕሮፎርማ። ወረቀት አውጥቶ ሁለት አራት ማዕዘን ሣለ። አንዱን «እናቶች»፣ ሌላውን «ስልክ» ብሎ ጻፈበት። የስልኩን ክፍል አየና በእስክሪብቶው አሰፋው። እንደገና አየና ጨመረበት። በመጨረሻ የስልኩ ክፍል ወረቀቱን ሞልቶ መድረኩን ገፍቶ፣ የእናቶቹ ክፍል ደረጃው ሥር ቀረች።

«ይሄ እንዲህ ከሆነማ» አለ አንገቱን እየነቀነቀ፣ «ስልክ የማይዘጋው ሕዝብ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጥና፣ ቲያትሩን ለሚያየው ጥቂት ሰው መስታወት ያለው ክፍል ብንሠራ ይረክሳል።»

«እናቶቹስ?»

«እነሱማ ከሚያየው ጋር ናቸው» ብሎ የመስታወቱን ክፍል ቁልፍ ማን እንደሚይዘው ማሰብ ጀመረ።